ታኅሣሥ 23 የተወለዱ ሰዎች

ትየርኪዲ ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የተነሣው ጦርነት ያፈናቀላቸው ደቡብ ሱዳናውያን፣ አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ በፓጋክ የድንበር መግቢያ በኩል እየተሻገሩ ከየካቲት 2006 ጀምሮ ሰፈሩበት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሶፍትዌር ኩባንያ ሠራተኛ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ለማስረዳት ይህን ያህል ርቄ የሄድኩት ፕሮግራም አዲስ አበባ ቢጻፍም የሚፈተነው ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት ቦታ ስለሆነ ነው። ትየርኪዲ ደግሞ ሰልፍ አይጠፋም። ራሽን ለመቀበል፣ የተወለደ ሕፃን ለማስመዝገብ፣ ለጠፋ ካርድ ምትክ ለማውጣት ስም ከመዝገብ ጋር መመሳከር አለበት።

መገናኛ አካባቢ አንድ ፎቅ የተከራየ፣ 120 ሠራተኞች ያሉት የሶፍትዌር ኩባንያ አለ እንበል። ኩባንያውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ የሚገጥሙት ችግሮች ግን በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ለአንድ የረድኤት ድርጅት የቤተሰብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቶለታል፤ ፕሮግራሙም ትየርኪዲ ላይ ሥራ ጀምሯል። አንድ ሰኞ ጠዋት አንዱ ፕሮግራመር ቲኬት የሚባል የሥራ ማዘዣ ይደርሰዋል፤ «ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ሰዎችን የሚፈልገው ክፍል ከልክ በላይ ብዙ ሰው ያወጣል። ይስተካከል» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ፕሮግራመሩ ዳታውን ሲከፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን፣ ጃንዋሪ 1፣ ተወልደው ያገኛል። በእኛ አቆጣጠር ሲታይ ቀኑ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 22። እዚህ አገር ፕሮግራም የጻፈ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የቀን መለወጫውን ነው፤ ውጭ አገር የተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ዓመት 13 ወር ሊኖረው እንደሚችል አያውቁምና። ፕሮግራመራችንም የለውጡን ስሌት መስመር በመስመር ሲያነብ ሁለት ቀን ይሄድበታል። ስሌቱ ልክ ነው።

መልሱ ያለው መዝጋቢዎቹ ጋ ነው። የተወለደበትን ቀን በውል የማያውቅ ሰው ሲመዘገብ ዓመቱን ገምቶ ጃንዋሪ 1 ብሎ መሙላት በስደተኞች ምዝገባ በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ነው። በዚያ ላይ የኑዌር ሴቶች ስም ብዙ ጊዜ «ኛ» ብሎ፣ የወንዶቹ ስም ደግሞ «ጋት» ብሎ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዎችን አንድ ናቸው ብሎ የሚጠረጥረው የትውልድ ቀናቸውና የስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጥሙ ከሆነ፣ ትየርኪዲ ላይ ሰፈሩን በሙሉ ቢጠረጥር አይገርምም። ይህን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ መዝጋቢ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። መገናኛ ያለው ፕሮግራመር ግን በምን ይወቀው?

መካከለኛ ኩባንያ ውስጥ የመሥራት ልዩ ጠባይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አሥር ሰዎች ባሉበት ቢሮ ሁለት ሁለት ሆነው ሊነጋገሩ የሚችሉት ጥንዶች 45 ናቸው፤ ትየርኪዲ ሄዶ የመጣው ሰው ፊት ለፊትህ ስለሚቀመጥ ቡና ላይ ትጠይቀዋለህ። 120 ሰዎች ሲሆኑ ጥንዶቹ 7,140 ይደርሳሉ። ማንም ይህን ሁሉ መስመር ሊጠብቅ አይችልም፤ ስለዚህ በመካከል ሰዎች ይገባሉ። ደንበኛውን የሚያነጋግር፣ ፍላጎቱን የሚጽፍ፣ ሥራውን የሚያከፋፍል፣ የሚፈትሽ ሰው ይመደባል። መዝጋቢው በአንድ ደቂቃ የሚያስረዳው ነገር በአራት ሰው አልፎ ፕሮግራመሩ ጋ ሲደርስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ግዙፎቹ ኩባንያዎች ለዚህ መመሪያና ክፍል አላቸው፤ ትንንሾቹ አያስፈልጋቸውም። መካከለኛው ቡና ላይ መጠያየቁን አጥቷል፣ መመሪያውን ገና አልጻፈም። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ አሜሪካዊ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሥርዓት የድርጅቱን የውስጥ ግንኙነት ቅርጽ ይዞ እንደሚወጣ አስረድቷል። ሁለት ክፍሎች ካልተነጋገሩ የሠሯቸው ሁለት ፕሮግራሞችም አይነጋገሩም ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ኩባንያ የተቀጠረ ወጣት ከሚጽፈው የሚያነበውና የሚጠይቀው ይበልጣል። ጠዋት ስታንድአፕ አለ፤ እያንዳንዱ ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደያዘው ይናገራል። ሩብ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ስታንድአፕ አለቃውን ከማስደሰት ያለፈ ጥቅም አይታየኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው ሰዓት ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ በማንበብ ያልፋል፤ ያ ሰው ምናልባት ኩባንያውን ከለቀቀ ቆይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ለአዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ የከተማዋ ሶፍትዌር ቤቶች ሥራ ተስተጓጉሎ ነበር። ትየርኪዲ ላይ ግን መቋረጡን እንደ ዘወትር ነገር ወስዶ መነሣት ያስፈልጋል። መዝጋቢው ታብሌቱ ላይ ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ታብሌቱ የያዘውን ወደ ሰርቨር ይልካል። ሲነገር ቀላል ነው።

አሁን አንዲት እናት ጠዋት አንደኛው ጠረጴዛ ሄዳ የወለደችውን ሕፃን አስመዘገበች እንበል። በዚያው ቀን አማቷ ሌላው ጠረጴዛ ሄደው ቤተሰቡ ወደ ሌላ ዞን መዛወሩን አስመዘገቡ። ሁለቱም ታብሌቶች የቤተሰቡን ሙሉ ቅጽ ይዘዋል፤ አንዱ የሌላውን ለውጥ አላየም። ማታ ኔትወርክ ሲመጣ የመጀመሪያው ሕፃን ያለበትን ቅጽ ይልካል፤ ሁለተኛው ተከትሎ አዲሱን ዞን የያዘውን፣ ሕፃኑ ግን የሌለበትን ቅጽ ይልካል። የፕሮግራሙ ደንብ «በመጨረሻ የደረሰው ይጽና» የሚል ከሆነ ሕፃኑ ከመዝገብ ይጠፋል። ማሽኑ ስህተት አላሳየም፣ ማንም አላጠፋም፤ በሚቀጥለው ወር ግን የአንድ ሰው ራሽን ይጎድላል።

መፍትሔው ሙሉ ቅጽ መላክን መተው ነው። ታብሌቱ «ይህ ሕፃን ተጨመረ»፣ «ዞኑ ተለወጠ» እያለ እያንዳንዱን ለውጥ ለብቻው ይልካል፤ ሰርቨሩም ሁለቱን ያዋሕዳል። ሁለት ሰዎች ያንኑ አንድ ነገር በተለያየ መንገድ ከለወጡ ብቻ ጉዳዩ ለሰው ውሳኔ ይቀርባል። የቱ ቀደመ የሚለውን ለመለየት የታብሌቱን ሰዓት ማመንም አይገባም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታብሌት ከፍቶ 9:00 የሚል ያየ ሰው ተበላሽቷል ብሎ 3:00 ላይ ሊያስተካክለው ይችላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ታብሌት የተመዘገበ ሁሉ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲሊከን ቫሊ የተጻፈ መማሪያ ይህን አያስተምርህም። አዲስ አበባ ያደገ ፕሮግራመር ግን ቢያስብበት የገዛ እናቱ ስልክ ላይ አይቶት ሊሆን ይችላል።

ኮዱ ተጽፎ ሲያልቅ ሌላ ባልደረባ ያነበዋል፤ ኮድ ሪቪው ይሉታል። ለጀማሪ ይህ መራራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥራህን የሚያየው መምህር ነበር፤ እዚህ የዕድሜ እኩያህ «ይህ ስም ግልጽ አይደለም፣ የአያት ስም ባይኖርስ?» እያለ ሃያ አስተያየት ያሰፍርብሃል። የእኔ ግምት ከኩባንያ የሚገኘው ትምህርት ዋናው ክፍል ይኸው መሆኑ ነው፤ አስተያየት የማይሰጥበት ቤት ቢገጥማችሁ ተጠራጠሩ። ቀጥሎ ቴስተሩ ሊያበላሸው ይሞክራል። ካለፈ በኋላም መቼ ይለቀቅ የሚል ጥያቄ አለ። ዓርብ ማታ አይለቀቅም፤ ቅዳሜ ቢበላሽ የሚያስተካክል የለም። ራሽን በሚታደልበት ሳምንትም አይለቀቅም፤ ይህን ግን ካምፑን የሚያውቅ ሰው ካልነገረህ ከካላንደር ላይ አታገኘውም።

ሥራው ሲዘገይ አለቆች የሚመጣላቸው ሐሳብ ሰው መጨመር ነው። የአይቢኤምን ትልቅ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ግን የዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብስ እንደሚያዘገየው በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል፤ አዲሶቹን የሚያስተምሩት ሥራውን የያዙት ናቸውና። እኛ አገር የተገላቢጦሹም አለ። ልምድ ያካበተው ልጅ በዶላር የሚከፍል የውጭ ድርጅት ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራለት ይጠራዋል፤ በወር ማስጠንቀቂያ ይሄዳል። ሊወቀስ አይገባም፣ ኪራይ ይከፍላል። ሲሄድ ግን ጃንዋሪ 1 ለምን እንደበዛ የሚያውቀው ነገር አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ጥሩ ቡድኖች ምክንያቱን ከኮዱ ጎን ይጽፉታል፤ «ይህ ቀን ስህተት አይደለም፣ እንዳታጠፉት» ብለው።

የእኛ ፕሮግራመር በመጨረሻ ያደረገው ትንሽ ነገር ነው። ከትውልድ ቀን አጠገብ «በትክክል የታወቀ» ወይም «የተገመተ» የሚል ምርጫ ጨመረ፤ ፕሮግራሙም ድግግሞሽ ሲፈልግ የተገመተውን ቀን እንደ ማስረጃ እንዳይቆጥር አደረገ። በስም የመጀመሪያ ፊደላት ፈንታ የእናት ስምና የቤተሰብ ቁጥር እንዲመሳከር አዘዘው። ኮዱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ጽፎ ለመጨረስ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው፤ ከመዝጋቢዎቹ ጋር በስልክ ተገናኝቶ፣ በመካከል ያሉትን ሰዎች አሳምኖ፣ አስነብቦ፣ አስፈትሾ እስኪለቀቅ ግን ሳምንታት ሄዱ።

ቲኬቱ ተዘጋ፤ ሌላ ተከፈተ። አገሪቱ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዓ.ም. የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያን ደንግጋለች፤ ስደተኞችም ፋይዳ እንዲኖራቸው ሥራው ተጀምሯል። የእኛ ምናባዊ ኩባንያ ደንበኛም መዝገቡ ከፋይዳ ቁጥር ጋር እንዲገናኝ ይጠይቃል። ፕሮግራመሩ ከኮድ በፊት የጻፈው ለፋይዳ ሰዎች ደብዳቤ ነው፤ በእናንተ በኩል የተገመተ ቀን በምን ይለያል፣ ሁለቱ መዝገቦች የተለያየ ዓመት ቢይዙ የትኛው ይጸናል፣ ይህንስ የሚወስነው ማን ነው? መልሱ እስኪመጣ የአማርኛውን ስም ፍለጋ ያስተካክላል፤ ካምፑን ራሱን አንዱ መዝጋቢ ትየርኪዲ፣ ሌላው ቴርኪዲ ብሎ ስለጻፈው ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቦታ ሆኗል።