«እኩል ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከተማሪዎች መካከል የአልጀብራ ሥራውን በኮምፒዩተር የሚያመሳክር ብዙ ነው፤ ልማዱም መልካም ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ «እኩል አይደለም» ሲለው ትክክለኛ ሥራውን የሚሰርዝ፣ «እኩል ነው» ሲለውም ሳይመረምር የሚቀበል አይታጣም። ስለዚህ የእኩልነትን ነገር በሦስት ከፍለን ልንመለከተው እንወዳለን።

አንደኛ፤ የአጻጻፍ እኩልነት። ሲምፓይ የተባለውን ፕሮግራም (ሀ+1)² እና ሀ²+2ሀ+1 እኩል መሆናቸውን በ«==» ምልክት ብንጠይቀው «አይደሉም» ይላል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ምልክቱ የሚጠይቀው የሁለቱን አጻጻፍ አንድነት ብቻ ነውና።

ሁለተኛ፤ የዋጋ እኩልነት። አንዱን ከሌላው ቀንሰን ቅንፉን ብንፈታ ዜሮ ይወጣል። ለፖሊኖሚያል ይህ መንገድ ምን ጊዜም ያደርሳል። በቁጥር መፈተንም ይቻላል፤ ሆኖም ሀ² እና ሀ በ0ና በ1 ላይ ስለ ገጠሙ እኩል አይሆኑም። ዲግሪያቸው ከ2 ያልበለጠ ፖሊኖሚያሎች ግን በሦስት ልዩ ልዩ ቁጥሮች ላይ ከገጠሙ በእርግጥ እኩል ናቸው። ከላይ ያሉት ሁለቱ በ0፣ በ1ና በ2 ላይ 1፣ 4 እና 9 ይሰጣሉ፤ ይህም በቂ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፤ እኩልነቱ የሚጸናበት ወሰን። (ሀ²−1)÷(ሀ−1) ሲቃለል ሀ+1 ይሆናል፤ ነገር ግን ሀ 1 በሆነ ጊዜ የፊተኛው ትርጉም የለውም፤ የኋለኛው 2 ነው። √(ሀ²)=ሀ የሚለውም ሀ −3 ሲሆን ይፈርሳል፤ መልሱ 3 ነውና። ሲምፓይም ሀ ኔጋቲቭ አለመሆኑን ካልነገርነው ይህን ሳያቃልል ይተወዋል። ሀ÷ሀን ግን ሳይጠይቅ 1 ያደርገዋል፤ የዜሮን ነገር መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው። ሀ²=ሀ የሚለውን እኩልታ በሀ አካፍሎ ሀ=1 ብቻ የሚል ተማሪ፣ 0 የተባለውን መልስ የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ የተሻለ ፕሮግራም ቢሠራ ችግሩ ፈጽሞ ይወገዳልን? አይወገድም። ዳንኤል ሪቻርድሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳረጋገጠው፤ ከክፍልፋዮች፣ ከፓይ፣ ከ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም፣ ከአንድ ተለዋዋጭ፣ ከሳይን፣ ከኤክስፖኔንሻልና ከፍጹም ዋጋ የሚቀናበሩ መግለጫዎች ሁሉ ዘወትር ዜሮ መሆናቸውንና አለመሆናቸውን የሚለይ አጠቃላይ የስሌት ዘዴ ሊኖር አይችልም።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩን ከመጠየቃችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ የምንፈልገው የአጻጻፍ እኩልነት ነው ወይስ የዋጋ? በየትኞቹስ ቁጥሮች ላይ? ልዩነቱን ቀንሰን እናቃልል፤ በጥቂት ቁጥሮች እንፈትን፤ አካፋዩ ዜሮ የሚሆንበትንም ቦታ ከመልሱ አጠገብ እንጻፍ።