ከገመዱ በፊት መመርመሪያውን፦ ለፓምፕና ለወፍጮ ባለቤቶች፣ ለጠጋኞችም የቀረበ ማሳሰቢያ

ጥቅምት ሲጋመስ ቆጋ ላይ ሥራው ይቀየራል። ክረምቱን አልጋ ሥር ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ ጎን ተጠቅልሎ የከረመው የፓምፕ ገመድ ይወጣል፣ አቧራው ይራገፋል፣ ሶኬት ላይ ይሰካል። የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት በቦይ ያጠጣል። ቦዩ ከማይወጣበት ከፍታ ላይ ማሳ ያለው ሰው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ወይም ከወንዝ በሞተር ስቦ ነው ሽንኩርቱን የሚያደርሰው። ከመራዊ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር ወፍጮ ቤቱም፣ ብየዳ ቤቱም፣ እንጨት ቤቱም እንደዚሁ በገመድ ላይ የቆመ ነው።

ይህ ገመድ ደግሞ ከፋብሪካ ተገጣጥሞና ተፈትሾ የመጣ አይደለም። ኬብሉ ከአንዱ ሱቅ፣ ስፒናው ከሌላው ይገዛል። እጁ የቀና የሰፈር ልጅ ይገጥመዋል፤ ሲያጥር ይጨመርበታል፣ ሲበጠስ ይቀጠላል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጣና በለስም 460 አለው። ያ ሁሉ ኃይል ማሳችሁ ድረስ መጥቶ የሚያልፈው በዚያች በእጅ በተቀጠለች መገጣጠሚያ ነው። ሞተርና ወፍጮ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሁሉ በእጄ አይቼዋለሁና እባካችሁ ሳትንቁ አንብቡት።

«መብራት ሄዷል» ብላችሁ ገመድ አትንኩ።

በእኛ አገር ከዚህ ቃል የባሰ ገዳይ አላውቅም። መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ «ይኼኔ እንጠግነው» ይላል። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ግን አይነግራችሁም፤ ሽቦውን በጥርሳችሁ ስትልጡ ሊመጣ ይችላል። ጎረቤት ጀነሬተር ካለው ደግሞ ባጋጠመ መስመር ዞሮ ሊደርሳችሁ ይችላል። ስለዚህ ስፒናውን ንቀሉና ዓይናችሁ ሥር አስቀምጡት። ገመዱ በቋሚነት ፓኔል ላይ የታሰረ ከሆነ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ፓኔሉን ቆልፉ፣ ቁልፉንም ኪሳችሁ ክተቱ። ወፍጮ ቤት ከሆነ እህል ይዘው ወረፋ ለቆሙት ሁሉ ንገሩ፤ ምክንያቱም «ማን አጠፋብን?» ብሎ የሚያበራ አይጠፋም።

ቀጥሎ መመርመሪያውን መርምሩ።

ብዙ ሰው ሞልቲሜትር ገመድ ላይ አሳርፎ ምንም ካላነበበ «የለም፣ ሞቷል» ይላል። ሞልቲሜትሩ ራሱ ሞቶ ከሆነስ? ሥርዓቱ ሦስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ 220 አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ ልትነኩት ያሰባችሁትን ገመድ ለኩ። በመጨረሻ ወደዚያው ሶኬት ተመልሳችሁ ድጋሚ ሞክሩት። በመካከሉ የመለኪያው ገመድ ተበጥሶ ወይም ባትሪ ድንጋዩ አልቆ ከሆነ የሚታወቀው በሦስተኛው ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

አንድ ቀን አንድ ባለሙያ «ይህ ዕቃ አምፔር አልለካ አለኝ» ብሎ ሞልቲሜትሩን ሰጠኝ። ጀርባውን በካቻቢቴ ከፈትኩት። ፊውዙ መቀመጥ በነበረበት ቦታ ከኤክስቴንሽን ገመድ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ጭረት በሁለቱ ጥርሶች መካከል ተጠምዝዛ ነበር። ጫፏ ጠቁሯል፣ አጠገቧ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ተንጠባጥቧል። ፊውዙ ተቃጥሎ ሌላ ስላጣ ነው እንዲያ ያደረገው። ያ ዕቃ በአምፔር ቀዳዳ እንደተሰካ ባለ 380 መስመር ላይ ቢያርፍ ኖሮ እጁ ላይ ይፈነዳ ነበር። እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ነገርኩት።

ስለዚህ፦ የሞልቲሜትር ፊውዝ ሲቃጠል ያው ዓይነት ካልተገኘ በሽቦ አትተኩት፤ ዕቃው ይቀመጥ። አምፔር ከለካችሁ በኋላ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ ሳትመልሱ አታስቀምጡት። የመለኪያው ገመድ ልባስ ከተሰነጠቀ በናስትሮ ጠቅልላችሁ አትቀጥሉ፤ ገመዱ ብቻውን ይሸጣል፣ ቀይሩት።

በካቻቢቴ ቴስተር ነፍሳችሁን አታስይዙ። በውስጧ ያለችው ትንሽ አምፖል የምትበራው በእናንተ ሰውነት አልፎ ወደ መሬት በሚወርድ ኢምንት መብራት ነው። ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ደረቅ ጣውላ ላይ ከቆማችሁ ላትበራ ትችላለች። ማሳ ላይ በቀትር ፀሐይ ደግሞ ብትበራም አትታይም። ፌዙ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትጠቅም ይሆናል፤ «መብራት የለም» ብላ ስትመሰክር ግን አትመኗት።

ገመዱን ራሱን ስትመረምሩ ከዓይንና ከጣት ጀምሩ። ሙሉውን ዘርጉት። በመዳፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳበሳችሁ ሂዱ፤ የተቆረጠ፣ ያበጠ፣ አይጥ የነካካው፣ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ቦታ ጣት ላይ ይታወቃል። ስፒናውን ፍቱና እያንዳንዱን ሽቦ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፤ በሳብ የሚወጣ ሽቦ ከነበረ አሁን ይውጣ። ቪቱ ሥር የገባው ሽቦ በካውያ ቆርቆሮ የተቀባ ከሆነ ቁረጡትና እንደገና እሰሩት። ቆርቆሮው ከጊዜ በኋላ ከቪቱ ሥር ይላላል፣ የላላ ነገር ደግሞ ይግላል።

ከዚያ የሞልቲሜትሩን ድምፅ ተጠቀሙ። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ከሆነ ሦስቱም ከዳር እስከ ዳር መጮህ አለባቸው፤ እርስ በርሳቸው ሲሞከሩ ግን በሦስቱም ጥንድ ዝም ማለት አለበት። ባለ አራት ሽቦ ከሆነ አራት ጊዜ ጩኸት፣ ስድስት ጊዜ ዝምታ ነው። እየጮኸ ሳለ አንድ ሰው ገመዱን ያወዛውዝ፣ ይልቁንም ስፒናው አንገትና ሞተሩ መግቢያ ላይ። ድምፁ ከተቆራረጠ ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ገመድ ቤት ውስጥ ሲሞከር ደህና ይመስላል፣ ማሳ ላይ ነው የሚከዳው።

ቀለምን አትመኑ። ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሽቦ የግራውንድ ነው፤ ለሌላ ሥራ አይውልም። ነገር ግን ሽቦ ያጠረው ሰው እርሱን ፌዝ አድርጎት ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። ከፍታችሁ እዩ፣ በሞልቲሜትር አረጋግጡ፣ ካገኛችሁት አስተካክሉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ቀለሙን አምኖ በእጁ ይይዘዋልና።

ስለ ውፍረት ጥቂት ልቆይ፤ ገበሬው ከሁሉ በላይ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ገመዱ ላይ «2.5» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ 2.5 አይሆንም። እውነተኛ መዳብ የሆነ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ተጣጣፊ ሽቦ በኪሎሜትር 8 ኦም ገደማ ነው። ስለዚህ 50 ሜትር ጥቅል ስትገዙ ከዚያኛው ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች አጣምራችሁ፣ ከዚህኛው በኩል ኦሙን ለኩ፤ ወደ 0.8 መምጣት አለበት። አስቀድማችሁ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች አነካክታችሁ የሚያሳየውን ቀንሱ፤ 0.2 ካለ 0.2 ይቀነስ። አንድ ጊዜ እንዲህ ለክቼ 1.4 አገኘሁ። በቢላ ፋቅ ሳደርገው ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ሆነ፤ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። አሉሚኒየም በራሱ ኃጢአት የለበትም፣ የምሰሶው መስመርም እርሱ ነው። ነገር ግን ለዚያው ውፍረት ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ይቃወማል፣ ቪት ሥርም ቶሎ ይላላል። በመዳብ ዋጋ መሸጡ ነው በደሉ።

ጉዳቱ በስሌት ይታያል። 10 አምፔር የሚስብ ፓምፕ ከቆጣሪው 100 ሜትር ቢርቅ፣ መብራቱ ሄዶ ስለሚመለስ በ200 ሜትር ሽቦ ያልፋል፤ በጥሩው 2.5 እንኳ 16 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 220 የነበረው 204 ይሆናል። ሐሰተኛው ሲሆን ኪሳራው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ያን ጊዜ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፣ ጥቂት ቆይቶም ይነድዳል። ባለቤቱ «ፓምፑ ሐሰተኛ ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው። ርቀቱ ከበዛ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ግዙ።

መገጣጠሚያን በፌስታልና በናስትሮ ጠቅልላችሁ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። ከጉድጓድ የወጣ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ስቆርጥ ናስትሮው እንደ እርጥብ ቅጠል ይላጣል፤ ከሥሩ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ተቋጥሯል፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ ሁለቱ ሽቦዎች መካከል የቀረው የጣት ጥፍር የማይሞላ ክፍተት ነው። ውሃ ውስጥ ለሚገባ መገጣጠሚያ በሙቀት የሚጨማደድና ውስጡ ሙጫ ያለው ጎማ አለ፤ እርሱን ተጠቀሙ። የሁለቱን ሽቦዎች ቅጥልም በአንድ ቦታ አታድርጉ፣ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ አራርቁት።

ከዚያ በባልዲ ፈትኑት። ውሃ ሙሉ፣ ትንሽ ጨው ጨምሩ፣ መገጣጠሚያውን ሌሊቱን ሙሉ ንከሩት፤ የገመዱ ሁለት ጫፎች ግን ውጭ ደርቀው ይቆዩ። ጠዋት ሽቦዎቹን ባንድ ጫፍ አንድ ላይ አስራችሁ የሜገሩን አንድ ገመድ ለእነርሱ ስጡ፤ ሌላውን ባልዲው ውስጥ በተከተተ ራቁት መዳብ ላይ አድርጉት። ለ220ና ለ380 መስመር 500 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ አይሠራም፣ እንደገና ይቀጠል። ደህና አዲስ ገመድ ግን በመቶዎች ነው የሚያነበው።

ሜገር እንግዳ ለሆነባችሁ፦ በትንሽ ባትሪ ወይም በእጅ ማዞሪያ ከፍ ያለ ቮልት አውጥቶ ልባሱ መብራት ያሳልፍ እንደሆነ የሚያሳይ ዕቃ ነው። ስሙ በእንግሊዝ አገር ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንግድ ምልክት ነው፤ እየዋለ እያደረ ግን የዕቃው ስም ሆነ። ሞልቲሜትር በጥቂት ቮልት ስለሚለካ የረጠበ ልባስን «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ሜገር ግን አያልፈውም።

ሜገር ስትይዙ ሁለት ነገር አትርሱ። ከለካችሁ በኋላ ረጅም ገመድ መብራት ይዞ ይቆያል፤ ሜገሩ እስኪያወርደው ጠብቁ ወይም ጫፎቹን አነካኩ፣ በእጅ አትያዙ። ሁለተኛ፣ የሶላር ፓምፕ መቆጣጠሪያም ሆነ ሌላ ኤሌክትሮኒክስ እንደተገናኘ አትለኩ፤ 500 ቮልቱ እርሱን ነው የሚገድለው። ሶላርን ካነሳን ዘንድ፦ ፓኔል ፀሐይ እስካለ ድረስ አይጠፋም፣ ብሬከሩ ቢወርድም ከፓኔሉ እስከ ብሬከሩ ያለው ገመድ ሕያው ነው። ፓምፑ እየሠራ መጋጠሚያውን አትንቀሉ፤ የዲሲ ብልጭታ በቀላሉ አይቋረጥም፣ እጅ ያቃጥላል።

ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው የእናንተ አይደለም። ቢበጠስም፣ ቢረግብም፣ ብልጭ ቢልም አትውጡበት፤ ልጆችን አርቁና በ905 ደውሉ።

አሁን ወደ መመርመሪያው አያያዝ ልመለስ። ሥራ ሲያልቅ ማዞሪያውን ወደ ማጥፊያው መልሱት። ክረምት ሳይገባ ባትሪ ድንጋዩን አውጡ፤ ውስጥ ከርሞ የሚፈሰው ነጭ ነገር ሰሌዳውን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብትጠግኑት የሚታመን ቁጥር አያወጣም። የባትሪ ምልክት ከመጣባችሁ ያን ቀን ያነበባችሁትን ቁጥር አትጻፉ፤ ብዙ ዕቃ ባትሪው ሲደክም የተዛባ ቁጥር ያሳያል። ወፍጮ ቤት አታስቀምጡት፣ ዱቄቱ ማዞሪያው ውስጥ ይገባል። ገመዱን ዕቃው ላይ አጥብቃችሁ አትጠምጥሙ፣ አንገቱ ላይ ነው የሚበጠሰው።

ትክክለኛነቱን በምን ታውቃላችሁ? ላቦራቶሪ ላለው ድርጅት አዲስ አበባ የሥነ-ልክ ኢንስቲትዩት አለ። ለእኛ ግን አንድ ብልሃት ይበቃል፦ ዋጋቸው የታወቀ ሁለት ሬዚስተሮች፣ አንዱ 10 ኦም ሌላው 1 ሜጋኦም፣ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋችሁ ከዕቃው ጋር አኑሩ። በየወሩ መጀመሪያ ለኩና ጻፉ። ቁጥሩ ከባለፈው ወር ከራቀ ዕቃው ይጠየቃል።

ደብተሩ ላይ የገመዱንም ቁጥር ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጠዋት ጤዛ ላይ ይሁን በቀትር። ሙቀት ሲጨምር የልባሱ ቁጥር ይወርዳልና፣ የቀትሩን ከቀትር ጋር አስተያዩ። አምና ኅዳር 200 ሜጋኦም የነበረ ገመድ ዘንድሮ 5 ቢል ፈተናውን አልፏል፤ ነገር ግን እየሞተ ነው፣ አዲስ መግዣው ገንዘብ ከአሁኑ ይቆጠብ።

አንድ ሜገር ለአንድ ገበሬ ይከብዳል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አንድ ገዝተው በአንድ ኃላፊ እጅ ቢያስቀምጡት ግን ለሁሉም ይደርሳል። ያዡ ተጠቃሚ ሲመጣ ከእነ ሬዚስተር ብልቃጡ ይስጠው፣ ሲመልስ ከፍቶ ፊውዙን ይይ፣ ሁለቱን ጫፎች አነካክቶ ዜሮ ማንበቡን ያረጋግጥ፣ ስሙን አስፈርሞ ያስቀምጥ። ጥቅምት ከማለቁ በፊት በየሰፈሩ አንድ ቀን ቢወሰን፣ ሁሉም ገመዱን ተሸክሞ ቢመጣ፣ ባልዲውና ጨውም ተዘጋጅቶ መገጣጠሚያው ከማታው ቢነከር የአንድ መንደር ገመድ በአንድ ጠዋት ያልቃል።