ክፍተት ይሞላ ወይስ ተሰጥኦ ይመረጥ?

ይህችን ጽሑፍ የምጀምረው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንድ ወረቀት ነው። ቦታው ምዕራብ ጎጃም፣ ቋሪት ወረዳ ውስጥ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ እኔ ያኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ፍኖተ ሰላም ላይ ለሚደረግ የተማሪዎች ውድድር 18 ተጫዋቾች ይመረጣሉ ተባለና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሙከራ ተደረገ። 17ቱ ስሞች ብዙም አላከራከሩም። 18ኛው ላይ ሲደረስ ግን የስፖርት መምህራችን እጅ ላይ ሁለት ልጆች ቀሩ። አንደኛው ጓደኛዬ ነው። አጭር፣ ቀጭን አማካይ ሲሆን ኳስ እግሩ ሥር ከገባች ሦስት ልጅ ተረባርቦም አይቀማውም። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ኳስ መጫወት ቀርቶ በቅጡ ማቆም አልችልም፤ በቁመት ግን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ እበልጣለሁ።

ቡድኑ አራት ጥሩ አማካዮች ነበሩት። ሁለተኛ በረኛ ግን አልነበረውም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ሲለጠፍ 18ኛው ስም የእኔ ሆነ። ጓደኛዬ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝና ወደ ቤቱ ሄደ።

ያን ጊዜ ነገሩ ለእኔ ዕድል ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን መምህራችን በዚያች ዓርብ የገጠማቸው ጥያቄ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ክለቦች በየዓመቱ ገንዘብና ጊዜ የሚያፈሱበት ጥያቄ ነው። ታዳጊ ሲመረጥ የቡድኑ ክፍተት ይቅደም ወይስ የልጁ ተሰጥኦ?

ለመሆኑ ክፍተት ስንል ምን ማለታችን ነው? ቡድኑ ዛሬ የጎደለው ቦታ ማለት ነው፤ በረኛ፣ ግራ ተከላካይ፣ ጎል አግቢ አጥቂ ሊሆን ይችላል። ተሰጥኦ ደግሞ ቡድኑ ይኑረውም አይኑረውም፣ ልጁ ራሱ ይዞት የመጣውና ወደፊት ሊያድግ የሚችለው ችሎታ ነው። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ችግር የለም። ችግሩ ሲለያዩ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህን ጥያቄ በአደባባይ የሚመልሱት አሜሪካኖች ናቸው። በእነሱ እግር ኳስ (እኛ ከምናውቀው የተለየ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው) ከኮሌጅ የሚወጡ ጀማሪዎች በተራ ይመረጣሉ። አሠራሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ዛሬ 32 ቡድኖች በ7 ዙር ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ የመምረጥ መብት አለው። ተራው የደረሰው ቡድን ሰዓት እየቆጠረበት መወሰን አለበት። ክፍተቱን የሚሞላለትን ይውሰድ ወይስ ከቀሩት ሁሉ የላቀውን?

እ.ኤ.አ. በ2005 ግሪን ቤይ ፓከርስ የተባለው ቡድን 24ኛው ተራ ላይ አሮን ሮጀርስን መረጠ። ሮጀርስ ኳስ አከፋፋይ ነው። ቡድኑ ግን በዚሁ ቦታ ብሬት ፋቭር የሚባል ዝነኛ ተጫዋች ስለነበረው ምንም ክፍተት አልነበረበትም። ሮጀርስ ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ደግሞ ቡድኑን ለሻምፒዮንነት አበቃ። ዛሬ የሌለ ክፍተት ነገ ይመጣል ብለው መረጡት፣ እንዳሉትም መጣ።

ተቃራኒውን ያየነው በቅርጫት ኳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የፖርትላንድ ቡድን ሁለተኛ መራጭ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክላይድ ድሬክስለርን ስለመረጠ በእሱ ቦታ የሚጫወት ሌላ ሰው አያስፈልገኝም አለ። የጎደለኝ ረጅም የመሐል ተጫዋች ነው ብሎ ሳም ቦዊን ወሰደ። በሦስተኛው ተራ ላይ የነበረው ቺካጎ ቡልስ የተረፈውን ልጅ ወሰደ። የተረፈው ልጅ ማይክል ጆርዳን ይባላል። ቦዊ በእግር ጉዳት ሲሰቃይ ጆርዳን ለቺካጎ ስድስት ዋንጫ አነሳ።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ተነስቶ «በቃ፣ ሁልጊዜ ተሰጥኦ ይቅደም» ማለት ይቻል ነበር። የእኛ አገር ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም።

የበረኛ ነገር

በኢትዮጵያ ተራ ተጠብቆ የሚመረጥበት አሠራር የለም። ታዳጊ የሚገኘው ከሠፈር ሜዳ፣ ከትምህርት ቤት ውድድርና ከክለቦች ታዳጊ ቡድን ነው። ስለዚህ ክፍተትና ተሰጥኦ የሚመዘኑት አንድ አሰልጣኝ ሜዳ ዳር ቆሞ በሚያየው ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ላይ ሁልጊዜ ተጎጂ የሚሆነው አንድ ቦታ ያለ ይመስለኛል፤ እሱም በረኛ ነው።

ጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት ወር ነው። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሦስት በረኞች ይዘው ደቡብ አፍሪካ ገቡ። ጥር 13 ቀን ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር በነበረው ጨዋታ ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ተተካ፤ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያየን። ጥር 17 በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ናይጄሪያን ገጠምን። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ጨዋታውን ያየሁት ገበዝ ማርያም ከተማ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት በሰው ትከሻ መሐል ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሲሳይ ባንጫ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጠና በቀይ ካርድ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪ አልቆ ነበር። ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንጻ ነው። ቪክቶር ሞሰስ መታ፣ አገባ፤ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድቡ ወጣን።

በእርግጥ ቀይ ካርድ የዕድል ጉዳይም ነው። ሦስቱን በረኞች ለመውቀስ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፕሪሚየር ሊጉን የተከታተለ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። በርካታ ክለቦች በረኛ ከውጭ ያመጡ ነበር። ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንግካራ ለዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን ጎል ጠብቋል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በረኛው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ክለቦቹም ክፍተታቸውን ሞሉ። ነገር ግን ከኋላቸው ወንበር ላይ የተቀመጠው የአገር ልጅ መቼ ተሰልፎ ይማር? ለቅዳሜው ጨዋታ መልስ የሆነው ነገር ለአምስት ዓመት በኋላው አዲስ ክፍተት ይፈጥራል።

ፍኖተ ሰላም ላይ የሆነው

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። በአይሱዙ ተጭነን ፍኖተ ሰላም ገባን። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ዋናው በረኛችን ጣቱ ተጎዳና ወጣ። መምህራችን የፈሩት ደረሰ ማለት ነው። ገባሁ። ሦስት ጎል ተቆጠረብኝ፤ አንዷ በእግሮቼ መሐል ያለፈች ናት። ከውድድሩ ወጣን።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ለእረፍት ስሄድ መምህሩን አገኘኋቸውና «ቲቸር፣ ያን ጊዜ እኔን የመረጡት ለምን ነበር?» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ስማ ልጄ፣ በአንድ በረኛ ሄጄ ቢሰበርብኝ ወላጅም ርዕሰ መምህርም የሚጠይቀው እኔን ነው። አማካይ ሞልቶኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውድድሩ ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ አሰልጣኙ የሚመዘነው በዚያች ሁለት ሳምንት ነው። የሁለት ሳምንት ፈተና የተሰጠው ሰው የአምስት ዓመት መልስ እንዲመልስ መጠበቅ አይቻልም።

ግን አንድ ነገር ልከራከራቸው ፈለግኩና አፍሬ ተውኩት፤ እዚህ ልጻፈው። እሳቸው በረኛ መረጥኩ ብለው የመረጡት ቁመት ነው። በ14 እና በ15 ዓመት አንዱ ልጅ ከሌላው የሚረዝመው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስላደገ ነው እንጂ በረኛ ስለሆነ አይደለም። በረኛን በረኛ የሚያደርገው የእጁ ቅልጥፍና፣ ቶሎ ወስኖ ከጎሉ መውጣቱ፣ ተከላካዮቹን ጮኾ ማዘዙና ጎል ሲቆጠርበት አለመሰበሩ ነው። እኔ ከእነዚህ አንዱም አልነበረኝም። ስለዚህ ክፍተቱ በወረቀት ላይ ተሞላ፤ ሜዳ ላይ ግን እንዳለ ነበር። እንዲያውም ለአንድ ቀን ጎል ላይ መቆም ከሆነ አዲስ ህንጻ እንዳደረገው ጓደኛዬም ጓንት አጥልቆ ይቆም ነበር። ጓደኛዬ አማካይ ቦታ ላይ የሚያደርገውን ግን እኔ ላደርግለት አልችልም ነበር።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ክፍተት ያልፋል። የተጎዳ ይድናል፣ የሄደ ይተካል፣ አሰልጣኝ ሲቀየር አሰላለፉም ይቀየራል። የ15 ዓመት ልጅ ለዋናው ቡድን እስኪደርስ ግን አራትና አምስት ዓመት ይፈልጋል። በደረሰ ጊዜ የተመረጠበት ክፍተት ላይኖር ይችላል። ለቅዳሜ የሚያስፈልገውን ክለቡ ከደረሰ ተጫዋች ይፈልግ፤ ታዳጊን ግን በተሰጥኦው ይምረጥ።

ሁለተኛ፣ ይህ ማለት ክፍተትን መርሳት ማለት አይደለም። አገር ሙሉ በረኛ ካጣ መልማዩ በረኛ መፈለግ አለበት። ግን ገና በ12 እና በ13 ዓመታቸው፣ የበረኛ ተሰጥኦ ያላቸውን ለይቶ፣ የበረኛ አሰልጣኝ መድቦ ይፈልግ። የበረኛ ዕድሜ ረጅም ነው። ግብፃዊው ኤሳም ኤል ሐዳሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ ላይ በ45 ዓመቱ ተሰልፎ ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። አንድ ታዳጊ በረኛ ላይ የሚወጣ ወጪ ለብዙ ዓመት ይመለሳል። ባጭሩ፣ ክፍተት የት እንደምንፈልግ ይንገረን፤ ማንን እንደምንወስድ የሚነግረን ግን ተሰጥኦው ይሁን።

ሦስተኛው ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። ከጨዋታ በኋላ ማይክ ይዘን አሰልጣኙን «ለምን ተሸነፉ?» ብቻ የምንል ከሆነ፣ እሱም ለነገው ጨዋታ ብቻ ይመርጣል። «ከታዳጊ ቡድንዎ ዘንድሮ ስንት ልጅ አሳደጉ? ማንን ቀነሱ? ለምን?» ብለን ብንጠይቅ ግን ጥያቄያችን ራሱ ለተሰጥኦ ጊዜ ይገዛለታል። የተመረጠውን ስም ሁሉም ይጽፈዋል። ያልተመረጠውን የሚጽፍለት ግን ማን ነው?

ጓደኛዬ ከዚያች ዓርብ በኋላ ለሙከራ ቀርቦ አያውቅም። ትልቅ ተጫዋች ይሆን ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ እንዳልችል ያደረገኝ ግን ያ 18ኛ ስም ነው። ዛሬም ስንገናኝ ስለ ኳስ እናወራለን፤ ስለዚያች ወረቀት ግን አንስተን አናውቅም። ይህ ጽሑፍ እጁ ከገባ እንነጋገርበታለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።