ጀሪፍ ላይ ባትሪ ልታቆም ላሰብከው ልጄ

ከጓደኞችህ ጋር ተሻርከህ ለካርቱሙ ጀሪፍ ሰፈር ሱቆችና ምግብ ቤቶች ማታ ማታ መብራት የሚሸጥ የሶላርና የባትሪ ጣቢያ ልታቆም ማሰብህን ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። እዚያ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ኢንቨርተር ስጠግን ኖሬያለሁና ገንዘብህን ሳታወጣ ይህን ስማኝ።

1. የባትሪውን ዋጋ ብቻ አትጠይቅ፤ እስኪሞት ስንት ኪሎዋት-ሰዓት እንደሚሰጥህ አስላ። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 2.4 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል። ሊድ አሲድ ከሆነ ከግማሽ በታች ብታወርደው ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ 500 ጊዜ ቢሞላና ቢወርድ በጠቅላላው 600 ኪሎዋት-ሰዓት ታገኝበታለህ። ያንኑ የሚያህል ሊቲየም ግን 80 በመቶውን ትጠቀምበታለህ፤ 4,000 ጊዜ ቢመላለስ ከ7,600 ያልፋል። ሦስት እጥፍ ከፍለህ ብትገዛው እንኳ አንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ከሩብ ባነሰ ዋጋ ይወድቅልሃል። ነጋዴው ርካሹን ሲያወድስልህ ይህን ስሌት ፊቱ ሥራው።

2. ሙቀቱም ወጪ ነው። ፋብሪካው 4,000 ጊዜ ሲልህ 25 ዲግሪ አካባቢ ለክቶ ነው፤ ካርቱም በግንቦት ከ40 በላይ ነው፣ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ይብሳል። የዓባይ ዳር ጡብ ከደጅህ አይርቅምና ወፍራም ግድግዳ ሥራለት፤ ነፋስ የሚገባበት፣ ፀሐይ የማይመታው ክፍል ይሁን።

3. ሥራ የፈታ ባትሪ ዕዳ ነው። ቁጭ ብሎም ያረጃል። መብራት ሲጠፋ ብቻ፣ በሳምንት አንዴ ብትጠቀምበት ዓመቱን ሙሉ 52 ጊዜ ነው፤ ቀን በፀሐይ ሞልተህ በየማታው ብትሸጥ ግን 365። ግዢው የሚከፋፈለው ለዚያ ቁጥር ነው። ተፎካካሪህ ጀነሬተር ነው፦ ትንሹ ጀነሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ ከሦስት ኪሎዋት-ሰዓት እምብዛም አያወጣም። የሊትሩን የጀሪፍ ዋጋ ለሦስት አካፍል፤ ከዚያ በታች መሸጥ ካልቻልክ አትጀምረው።

ትልልቆቹ ባትሪዎችም በዚሁ ሕግ ነው የሚኖሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሆርንስዴል የተተከለው ባትሪ 100 ሜጋዋት ያወጣ ነበር፤ የሚይዘው ግን 129 ሜጋዋት-ሰዓት ስለነበር በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ገንዘብ ያስገኘለት ብዛቱ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲናጋ በቅጽበት ደርሶ ማረጋጋቱ ነው።

4. ባትሪ ክረምትን ለበጋ አያሻግርም፤ እሱ የግድብ ሥራ ነው። በጀሪፍ በኩል የሚያልፈው ውኃ ከሕዳሴው ግድብ የሚወርድ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ከ130 ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር ኩብ፣ ማለትም 15 በርሚል ያህል ውኃ ሲወርድ አንድ ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። ወራት የሚቆይ ማከማቻ በዚህ መጠን ማንም በባትሪ ሊሠራ አይችልም። ከጎንደር በመተማ ገዳሪፍ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር የሁለቱንም አገር ሕዝብ የሚጠቅም ሀብት ነው፤ ቢጠናከር እወዳለሁ።

ነገር ግን በጥር 2017 ዓ.ም. የሱዳኑ መረዌ ግድብ በድሮን ሲመታ ከግድቡ እጅግ የራቁ ከተሞች ጨለሙ። ሰፈር ውስጥ ያለ ባትሪ ቢወደድም ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ የክሊኒክ ፍሪጅ መድኃኒት እንዳይበላሽበት ናፍጣ እስኪመጣ አይጠብቅም።

5. ገመድህን ቅበር። በጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ትራንስፎርመርና የመዳብ ገመድ እየተነቀለ ተወስዷል።

6. ናፍጣ በየቀኑ ይገዛል፤ ባትሪ ግን የአሥር ዓመቱን ዛሬ ያስከፍላል። በከባድ ወለድ አትበደር፤ የዕቁብ ዕጣ ይሻልሃል። ደግሞ አትቸኩል፦ የሊቲየም ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2010 በኪሎዋት-ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 በዓለም አማካይ 115 ዶላር ደርሷል። ስለዚህ መጀመሪያ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት የሚበቃውን ብቻ ግዛ፣ ለሚቀጥለው ቦታ ተው። ስትጨምርም አዲሱን ከአሮጌው ጋር በአንድ ገመድ አትሰረው፤ የየራሱ ኢንቨርተር ይኑረው።