ማሽን ሲጽፍ፦ የዕዳ አያና የድርጅቶች የኤሌክትሮኒክ መረጃ ልውውጥ



ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። በሱረቱል በቀራ 282ኛ አያ አላህ (ሱ.ወ) እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክር እንዲኖር፣ ጸሐፊም ምስክርም እንዳይጎዱ ያዛል። አብዛኞቹ ዑለማዎች መጻፉን በሙስተሐብነት ቢረዱትም ጥበቡ ግልጽ ነው፤ ሐቅ እንዳይጠፋ፣ ጥርጣሬም እንዳይገባ ነው።

ከመካከላችን አካውንቲንግ፣ ሎጂስቲክስ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የምንማር ነገ ጸሐፊዎቹ እኛ ነን። የምንጽፈው ግን በብዕር ሳይሆን በሲስተም ነው።

ኢዲአይ ምንድን ነው?

የኤሌክትሮኒክ መረጃ ልውውጥ (ኢዲአይ) ማለት የአንድ ድርጅት ኮምፒውተር የግዢ ትዕዛዝን፣ የጭነት ማስታወቂያን ወይም ኢንቮይስን አስቀድሞ በታወቀ ቅርጽ በቀጥታ ለሌላው ድርጅት ኮምፒውተር መላክ ነው። ፒዲኤፍ በኢሜይል መላክ ኢዲአይ አይደለም፤ ተቀባዩ አንብቦ እንደገና መመዝገብ አለበትና፤ ስህተት የሚገባውም በዚያ ነው። በአሜሪካ የቅርጹን መለኪያ የሚያወጣው የኤክስ 12 ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1979 ተቋቋመ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተዘጋጀው ኤዲፋክት ደግሞ በ1987 ጸደቀ።

ቀቡሉ የቱ ላይ ነው?

አንድ ሱፐርማርኬት 200 ካርቶን ዘይት በኢዲአይ አዘዘ እንበል። በኤክስ 12 አሠራር ትዕዛዙ 850 ቁጥር ያለው መልእክት ነው፤ ይህ ኢጃብ ሊሆን ይችላል። የአቅራቢው ሲስተም ወዲያው 997 ይመልሳል። ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን 997 መልእክቱ ደርሶ ቅርጹ መመርመሩን ብቻ ይናገራል። ትዕዛዙን መቀበል አለመቀበሉን የሚገልጸው 855 ነው። ቀቡል የሚፈለገው ከዚያ ነው። ይህን ሳይለዩ ሥራ የጀመሩ ሁለት ነጋዴዎች አንዱ «ተስማምተናል»፣ ሌላው «ገና ነን» ብለው ይጣላሉ።

የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ በጽሑፍ፣ በቴሌክስ፣ በፋክስና በኮምፒውተር የሚደረግ ውል ኢጃቡ ደርሶ ቀቡል ሲሰጥበት እንደሚጸና ወስኗል። ኒካሕን ምስክር ስለሚያስፈልገው፣ የገንዘብ ምንዛሪን (ሰርፍ) እጅ በእጅ መረካከብ ስለሚያስፈልገው፣ ሰለምን ደግሞ ዋጋው ቀድሞ መከፈል ስላለበት ከዚህ ውጭ አድርጓል። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል።

አያውን በሥራ ላይ

አንድ ድርጅት ኢዲአይ ሲጀምር ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ከአያው ሦስት ነገሮችን ይውሰድ።

አንደኛ፣ የጸሐፊው ፍትሕ። «ካርቶን» ለአንዱ 12 ጠርሙስ፣ ለሌላው 20 ከሆነ ማሽኑ ስህተቱን በፍጥነት ያበዛዋል። የዕቃ መለያ፣ መለኪያና ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ ስምምነት ይታሰሩ፤ ለተወሰነ ጊዜም ወረቀቱና ሲስተሙ ጎን ለጎን እየሄዱ ይመሳከሩ።

ሁለተኛ፣ የባለ ዕዳው ቃል። ኢንቮይስ ስለመጣ ብቻ አይከፈል። ትዕዛዙ፣ ዕቃው የገባበት ሰነድና ኢንቮይሱ ሦስቱም ይገጣጠሙ። የማይገጥመውን ሰው ይየው። የመልእክቶቹ መዝገብም ሳይነካ ይቀመጥ፤ በክርክር ቀን የሚረዳው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ አለመጉዳት። ትልቅ ገዢ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኢዲአይ የሌለው አያቀርብልኝም» ሲል ትንሹ አቅራቢ ወይ ከአቅሙ በላይ ይከፍላል፣ ወይ ገበያውን ያጣል። ጊዜ መስጠት፣ በድረ ገጽ ቅጽ የሚሞላበትን ቀላል መንገድ መክፈት፣ ወጪውንም መጋራት ይቻላል። ጉዳትን መከልከል በሸሪዓ ትልቅ መርሕ ነው፤ ፍጥነት ምክንያት አይሆንለትም።

ለሐለቃ መወያያ

1. በራሱ ፕሮግራም 855 የሚመልስ ሲስተም ቢሳሳት ኃላፊው ማን ነው?
2. ሲስተሙን የሠራው ፕሮግራመር እንደ ጸሐፊ አማና አለበትን? እስከ ምን ድረስ?

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።