ለፔዳዋ መጽሔት ጀማሪ

ልጄ፣ ከጓደኞችሽ ጋር የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ልትጀምሩ መነሣታችሁን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ መምህር ሲያፈራ የኖረ ነው፤ ፔዳጎጂ አካዳሚ ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስንቱ መምህር ከዚያ ወጥቶ በየወረዳው ተሰማርቷል። መጽሔት ሲያንሰው ነው። ከቀደሙት መጽሔቶችና ጋዜጦች አነሣስና አወዳደቅ ያስተዋልኩትን ልንገርሽ።

፩. መጽሔታችሁ በአንድ ምሰሶ ላይ አትቁም። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ስትጀመር የጋዜጣዋም የማተሚያ ቤቱም ባለቤት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነበሩ። ለውጥ የናፈቃቸው የዘመኑ ምሁራን፣ እነ ብላታ ደሬሳ አመንቴ፣ ሐሳባቸውን በእሷ ላይ ለሕዝብ አቀረቡ። በ1928 ወራሪው ሲገባ እሷም ቀረች። መነን መጽሔት በእቴጌይቱ ስም ተጠርታ ወጣች፤ ዙፋኑ ሲወድቅ አብራ ወደቀች። የካቲት ደግሞ ስሟን ከአብዮቱ ወር ወስዳ በመንግሥት በጀት ታተመች፤ ደርግ ሲያልፍ አለፈች። ከእነዚህ አንዳቸውም በጸሐፊ እጦት አልሞቱም። የወደቁት የደገፋቸው እጅ ሲነሣ ነው።

ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ቢፈቅድላችሁ ተቀበሉ፤ ወረቀት ቢገዛላችሁም አመስግናችሁ ውሰዱ። ባለቤትነቱ ግን በእናንተ በአዘጋጆቹ እጅ ይሁን። ከአንባቢ የሚሰበሰብ ዓመታዊ ክፍያ፣ ከከተማው ነጋዴ የሚገኝ ማስታወቂያ፣ ሥራ ከያዙ የቀድሞ ተማሪዎች የሚመጣ መዋጮ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ቢሆንም ሲደመር ከአንድ ባለጸጋ ችሮታ ይበልጣል። አንዱ ቢቀር ሌላው አለና።

፪. ጸሐፊ አሳድጊ። በዓሉ ግርማ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የተማሪዎችን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። በኋላ በመነን፣ በአዲስ ሪፖርተርና በአዲስ ዘመን ሠራ፤ ከአድማስ ባሻገርንና ኦሮማይን የጻፈው በዚህ ሙያ ውስጥ ያለፈ ብዕር ነው። ስብሃት ገብረእግዚአብሔርም በመነንና በየካቲት ሠርቷል። መጽሔቶቹ ዛሬ የሉም፤ ያሳደጓቸው ደራስያን ግን ይነበባሉ። ስለዚህ የመጣልሽን ግጥም ዝም ብለሽ አትጣይ፣ ዝም ብለሽም አታውጪ። የትኛው ስንኝ እንደ ላላ፣ የትኛው ቃል ለቤት መምቻ ብቻ እንደ ገባ ምልክት አድርገሽ ለጸሐፊው መልሺለት። ጊዜ ይፈጃል፤ አዘጋጅ የሚባለው ግን ይህን የሚሠራ ሰው ነው።

፫. ማተሚያ ቤት ከመሄድሽ በፊት ገጽሽን ቁጠሪ። መጽሔት የሚታተመው በፎርም ነው፤ በተለመደው መጠን አንዱ ፎርም 16 ገጽ ይይዛል። 32 ወይም 48 ገጽ ብታዘጋጂ ወረቀት አይባክንም፤ 35 ገጽ ይዘሽ ከሄድሽ ግን ለሦስት ገጽ ብለሽ ተጨማሪ ፕሌትና ወረቀት ትከፍያለሽ። ፕሌቱ 100 ቅጂም አሳተምሽ 1000 ዋጋው ያው ስለሆነ ጥቂት ማሳተም ለነጠላው ይወደዳል። አቅሙ ከሌለ በፎቶ ኮፒ አባዝተሽ በስቴፕለር አያይዢያት። አያሳፍርም፤ አእምሮ ጋዜጣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስትጀመር በእጅ እየተጻፈች በ24 ቅጂ ነበር የምትሰራጨው።

፬. ከተነበበው የተሸጠውን ለይተሽ እወቂ። የፕሬስ ሕጉ በ1985 ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ሲፈላ፣ አራት ኪሎ ላይ ሰው ለአከራዩ ሳንቲም ከፍሎ እዚያው ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልስ ነበር። አንዲት ቅጂ ብዙ ሰው ታነባለች፤ አሳታሚው የሚያገኘው ግን የአንዷን ዋጋ ነው። የእናንተም በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ መዞሯ አይቀርም። ደስ ይበልሽ፣ ነገር ግን የማተሚያ ሂሳብሽን በዚያ አንባቢ ቁጥር አትሥሪ።

፭. አጠገባችሁ ያለውን ጻፉ። ይህ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የቅኔ መምህራን አገር ላይ ነው ያላችሁ፤ ዋሸራም ጎንጅም ሩቅ አይደሉም። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ከማሳተማቸው በፊት በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተምረዋል፤ የዚያ ትምህርት ለዛ በልቦለዱ ውስጥ ይሰማል። ቅኔ ግን ማኅሌት ላይ ተዘርፎ፣ ሰምቶ ከያዘው ሰው ጋር የሚቀር ሀብት ነው። ከመካከላችሁ ሁለት ልጆች ቴፕ ይዘው ወደ አንድ መምህር ይሂዱ፤ ቅኔውን ከነምሥጢሩ፣ ከነተዘረፈበት ምክንያት ይመዝግቡ። የዘጌን ቡና ለቃሚ፣ ታንኳ ሠሪውን፣ ከደቅ ደሴት ለገበያ የምትሻገረውን እናት በልቦለድ አምጡልን። የአዲስ አበባ ካፌ ታሪክ ከበቂ በላይ አለን።

፮. ሕጉን እወቁ፣ ተመዝገቡ፣ የምታወጡትን እውነት በማስረጃ ያዙ። በ2006 ክረምት እንደ ፋክት፣ ዕንቁና አዲስ ጉዳይ ያሉ መጽሔቶች ላይ ክስ ተመሥርቶ ከገበያ ሲጠፉ አንባቢው ባዶ እጁን ቀርቷል። ፍርሃት አዘጋጅ እንዲሆንባችሁ ግን አልመክርም፤ ጸሐፊው ራሱን ሳንሱር ማድረግ የጀመረበት መጽሔት ሳይዘጋም ተዘግቷል።

፯. ቅጂ አስቀምጡ። አንድ የቆየ የካቲት እቤቴ አለ፤ ሽቦው ዝጎ የመሐሉን ገጽ ቡናማ አድርጎታል፣ ሽፋኑ ላይ ከእኔ በፊት ያነበቡት ሰዎች ስማቸውን ጽፈዋል። እንዲህ በግለሰብ ቤት የቀረ ነገር አንድ ቀን የሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። ለወመዘክር አስገቡ፤ ለፔዳ ቤተ መጻሕፍትም ስጡና የተረካቢውን ፊርማ ያዙ።

፰. የመጀመሪያው እትም ማተሚያ ቤት ሳይገባ የሁለተኛው ጽሑፍ ግማሹ በእጅሽ ይሁን። ፈተና ሲደርስ፣ ክረምት ሲገባና ተመራቂው ሲበተን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ ተነጋገሩ። ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁለቱን ከአሁኑ አዘጋጅ አድርጓቸው።