ልጃችሁ 16 ዓመት ሞላው? ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

 

አሜሪካ ካላችሁ ወላጆች በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ "ዶክተር፣ ልጄ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ ታዲያ ሕጉ ማታ አትንዳ፣ ጓደኛ አትጫን የሚለው ለምንድን ነው?" ጥያቄው የትራፊክ ቢመስልም መልሱ የጤና ነው። በሚነዱት ርቀት ልክ ሲሰላ፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ሾፌሮች ለሞት የሚያበቃ አደጋ የመግጠም ዕድላቸው ከ20 ዓመት በላይ ካሉት 3 እጥፍ ገደማ ነው።

ለምን?

የልጅ ዓይንና እጅ ከእኛ ይፈጥናል። ነገር ግን አደጋን አስቀድሞ የሚመዝነውና "ተው፣ ቆይ" የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ነው የሚሄደው። ጓደኞች መኪና ውስጥ ሲሞሉ ደግሞ ጨዋታው፣ ሙዚቃውና "ፍጠን እንጂ" የሚለው ግፊት ይጨመርበታል። በዚህ ላይ የሌሊት ጨለማና የእንቅልፍ እጦት አለ።

ስለዚህ ፈቃዱ በአንዴ ሳይሆን በ3 ደረጃ ይሰጣል። አሠራሩን ኒውዚላንድ በ1987 እ.ኤ.አ. ጀመረችው፤ ከአሜሪካ ደግሞ ፍሎሪዳ በ1996 ቀዳሚ ሆነች።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን ሜሪላንድን እንውሰድ፦

1. ፐርሚት፦ ከ15 ዓመት ከ9 ወር ጀምሮ ይወጣል። ልጁ ቢያንስ 9 ወር ይዞት ይቆያል፤ 60 ሰዓት ይለማመዳል፤ ከዚህ ውስጥ 10ሩ በማታ ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው 21 ዓመት የሞላውና መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቢያንስ 3 ዓመት የሆነው መሆን አለበት። በቅርብ ፈቃድ ያወጣችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ!

2. ፕሮቪዥናል፦ ከ16 ዓመት ከ6 ወር ጀምሮ ብቻውን መንዳት ይችላል። ግን 18 እስኪሞላው፣ እንደ ሥራና የትምህርት ቤት ፕሮግራም ያለ ምክንያት ከሌለው በስተቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻውን አይነዳም። በመጀመሪያዎቹ 151 ቀናት ከቤተሰቡ ውጪ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይጭንም። ስልክም አይነካም።

3. ሙሉ ፈቃድ፦ 18 ዓመት ሲሞላውና ፕሮቪዥናሉን ያለ ጥፋት ጨርሶ ሲገኝ።

ሌላ ግዛት የምትኖሩ የራሳችሁን ሕግ እዩ፤ ይለያያል። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ላይ ልምምዱ 45 ሰዓት ሲሆን 15ቱ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። እናትና አባት ፈረቃ ስለሚሠሩ ታናናሾቹን ማመላለስ በትልቁ ልጅ ላይ ይወድቃል። እህትና ወንድም መጫን በሕግ ይፈቀዳል፤ ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን አደጋው ቀረ ማለት አይደለም። ኋላ ወንበር ላይ የሚጣሉ ሁለት ሕፃናት ሾፌሩን ከጓደኛ ባላነሰ ይረብሹታል። የፋሲካ ሌሊት ሲያስቀድስ ያደረ ልጅም "አንተ ንዳ፣ እኛ ደክሞናል" አይባልም። እሱም ደክሞታል!

የእኔ ምክር፦

- 60 ሰዓቱን ወረቀት ላይ ብቻ አትሙሉት። በዝናብ፣ በማታ፣ በሃይዌይ አብራችሁት ውጡ።
- በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ሳይተኛ ያደረ ልጅ ቁልፍ አይያዝ።
- ቀበቶ! ፊት ወንበር ላይ የሞትን አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ኋላም ቢሆን ይታሰር።
- ከ21 ዓመት በታች ጠጥቶ መንዳት በሁሉም ግዛት ክልክል ነው፤ "አንድ ቢራ ምን አላት" አይሠራም።
- "በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ በዚያ ሌሊት አልቆጣህም" በሉትና ቃላችሁን ጠብቁ። ልጅ ቁጣ ከፈራ ደክሞትም ቢሆን፣ የጠጣ ጓደኛው መኪና ውስጥም ቢሆን፣ ዝም ብሎ ይመጣል።
- እናንተ ቀይ መብራት ላይ ቴክስት እያያችሁ እሱን "ስልክህን አስቀምጥ" ብትሉት አይሰማችሁም።

ልጃችሁ "አታምኑኝም" ሊላችሁ ይችላል። ስለ እምነት እንዳልሆነ፣ ልምድ ጊዜ እንደሚፈልግ ንገሩት። እኛም ሐኪሞች ቀዶ ጥገና የምንማረው አዋቂ አጠገባችን ቆሞ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

16 ዓመት የሞላው ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

መልካም ጤና!